ጉሬዛዋን አታባርሪበት

ከጅማ፣ ከቦሳ አዲስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ረጅም ስለሆነ ሙሉውን ማውጣት አልቻልኩም። ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲከተሉት ዋና ዋናውን ላስቀምጠው።

«የእህቴን ልጅ ነው የማሳድገው። አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ዓመት አልፏታል። ማታ ማታ ተረት ካልነገርኩት አይተኛም። አንድ ቀን እናቷ ስለጠፋችባት የጉሬዛ ግልገል ከራሴ ፈጥሬ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ተረት አልሰማም አለ። ‹ማን አቀፋት? ብርድ አልያዛትም? ማን ጋ ተኛች?› እያለ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዴ ያለቅሳል። እኔ ላቅፈው ስል ግን እጄን ይገፋል። ከመንገድ ያመጣትን ትንሽዬ ድመት ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ነው የሚውለው። ባለቤቴ ‹ልጁን በተረት አልቃሻ አደረግሽው፤ ወንድ ልጅ ነው፤ ጠንከር ያለ ተረት ንገሪው፣ አለዚያ ተይው› ይለኛል። መስከረም ላይ ኬጂ ይገባል። ተረቱን ላቁምበት? ወይስ እናቷ መጣች ብዬ ልጨርስለት?»

ቀጥታ ልመልስልሽ። አታቁሚበት። እናቷ መጣች ብለሽም አትጨርሺለት። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

እስቲ ጥያቄዎቹን ራስሽ መልሰሽ አንብቢያቸው። እናቷ የት ሄደች አላለሽም። ማን አቀፋት ነው ያለሽ። ብርድ አልያዛትም ወይ ነው ያለሽ። የአምስት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ «እናቴ ናፍቃኛለች፣ ሲመሽ ይከፋኛል» ብሎ አያጫውትሽም። ቃሉ የለውም። ቢኖረውም ይፈራል፤ ምክንያቱም እናቱን ባነሳ ቁጥር ያንቺ ፊት እንደሚለዋወጥ፣ ባለቤትሽም ወሬ እንደሚቀይር አይቷል፤ ልጆች ደግሞ ይሄን ለማየት ማንም አይቀድማቸውም። ጉሬዛዋ ግን አታስፈራም። ስለ እሷ የፈለገውን ቢጠይቅ ማንም አይከፋበትም፣ ማንም አያለቅስበትም። በሷ በኩል የራሱን ይጠይቃል፣ በሷ በኩል መልሱን ይሰማል።

ሌላም ነገር አለ። ቤት ውስጥ ከሁሉ ትንሹ እሱ ነው። የሚያጥቡት፣ የሚያለብሱት፣ ተኛ ተነሳ የሚሉት እሱን ነው። እናቱ ስትሄድም ማንም አላማከረውም። ከጉሬዛዋ ጋር ሲሆን ግን ትልቁ እሱ ነው። ብርድ እንዳይዛት የሚጨነቀው እሱ፣ ማን ጋ እንደምትተኛ የሚያስብላት እሱ። ድመቷም ላይ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። እሱ የተራበውን ነገር ለሷ እየሰጣት ነው። በልጆች ተረት ውስጥ እንስሳ የበዛው፣ እንስሳውም ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ ብቸኛና ጓደኛ የሚፈልግ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ልጅ ከሱ ያነሰና የሱን እቅፍ የሚፈልግ ሰው ቤት ውስጥ ስለማያገኝ ተረት ውስጥ ይፈልገዋል።

ባለቤትሽ ጠንከር ያለ ተረት ሲል ምን እንደሚያስብ ይገባኛል። ጅቡን ያታለለች ጦጣ፣ ተኩላውን ጉድ የሠራ በግ፣ እነዚያን ማለቱ ነው። እኔም እነዚያን ተረቶች እወዳቸዋለሁ፤ ልጅ ብልህ መሆንን ከነሱ ይማራል። ግን ልጅ ከነሱ የሚሰማው እኛ የምንሰማውን ብቻ አይደለም። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ በድርቅ ጊዜ «ፈጣሪ የተቆጣው በኃጢአታችን ነው፣ እንናዘዝ» የተባባሉበትን ተረት ታውቂዋለሽ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል፣ ያልፉታል። ነብሩም ጅቡም የበሉትን ይናገራሉ፣ ይታለፋሉ። አህያዋ «ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ጋጥኩ» ስትል «ይሄማ ትልቅ ኃጢአት ነው» ብለው ተባብረው ይበሏታል። ለትልቅ ሰው ይሄ የጉልበተኞች ፍርድ ነው። ለትንሽ ልጅ ንገሪውና የሚልሽን ስሚ። «አህያዋ ጓደኛ አልነበራትም?» ይልሻል። ከጎኗ አንድ ሰው ቢቆም ኖሮ ብሎ ነው የሚያዝነው። እና ጠንካራ የተባለው ተረትም ቢሆን ልጁን የሚይዘው በዚሁ በኩል ነው።

ድሮ ደግሞ ተረቱ ራሱ ፍቅር ባይኖረውም አነጋገሩ ፍቅር ነበረው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለው ልጅ ያለው አያቱ ጉያ ውስጥ ነው። አንድ ጋቢ ውስጥ ሦስት አራት ልጅ ተጠቅልሎ ነው ጅቡ የሚመጣው። ጅቡ ሲመጣ ልጁ ጠጋ ይላል፣ የሚጠጋው ሰውም አለ። ዛሬ እንዳይረብሸን ብለን ስልክ እንሰጠዋለን። ጅቡ በስልኩም ይመጣል፣ የሚጠጋበት ጎን ግን የለም። አንቺ አሁንም አጠገቡ ተቀምጠሽ በአፍሽ ነው የምትነግሪው። ይሄን እንደ ቀላል ነገር አትዪው፤ ስንት ቤት የቀረ ነገር ነው።

እቅፍ ለልጅ ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ለባለቤትሽ ማስረጃ ካስፈለገው ይሄን ንገሪው። አሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃሪ ሃርሎ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። የጦጣ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ለይቶ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች ሠራላቸው። አንዷ ከሽቦ የተሠራች ናት፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች። ለአንዳንዶቹ ግልገሎች ወተት የሚገኘው ከሽቦዋ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታበላው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ግልገሎቹ ግን ከሽቦዋ ወተታቸውን ይጠጡና ቶሎ ብለው ወደ ጨርቋ ይመለሳሉ፤ አብዛኛውን ቀን እሷ ላይ ተለጥፈው ነው የሚውሉት። የሚያስፈራ መጫወቻ ሲያስገባባቸውም የሮጡት ወደ ጨርቋ ነው። ሃርሎ ይሄን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ሙከራው ራሱ ጭካኔ ነበረበት፤ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ያደጉት ጦጣዎች በኋላ ከሌሎች ጋር መኖር ሁሉ አቅቷቸዋል። የነዚያ ምስኪኖች ስቃይ ግን አንድ ነገር አሳይቶናል። መብላት አንድ ነገር ነው፣ መጠጋት ሌላ ነገር ነው። እናቱ ለሱ ብላ ሰው አገር እየደከመች ነው፤ የምትልከው ብር ይበላል፣ ይለበሳል፣ የኬጂ ይከፈላል። መጠጊያው ግን እዚህ፣ እናንተ ቤት መኖር አለበት።

ለቅሶውን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን አጥንቷል። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ይፈልጓታል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣሉ። በመጨረሻ የረሷት ይመስላሉ፣ ይረጋጋሉ። አዋቂውን የሚያታልለው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ «ለመደ፣ ጠነከረ» ይባልለታል። ልጁ ግን ጠንክሮ ሳይሆን ልቡን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያንቺው ልጅ ማልቀሱ ገና እንደሚጠብቃት ያሳያል። ልጁ ዝም ስላለ ባለቤትሽ ደስ እንዳይለው፣ ስላለቀሰም እንዳይደነግጥ።

አሁን ወደ ጉሬዛዋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሳታውቂው የመረጥሽው እንስሳ በጣም ጥሩ እንስሳ ነው። የጉሬዛ ግልገል ስትወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ናት። ጥቁርና ነጩን ቀለም የምትይዘው ከወራት በኋላ ነው። እና ግልገሏን የምትይዛት እናቷ ብቻ አይደለችም። መንጋው ውስጥ ያሉ ሌሎች ሴቶች እየመጡ ይቀበሏታል፣ ያቅፏታል፣ ፀጉሯን ያበጥሩላታል። ይሄ የተረት ነገር አይደለም፤ በሸቤ መንገድ በለጠ ጫካ ውስጥ ያሉት ጉሬዛዎችም አኗኗራቸው ይሄው ነው። ልጁ ማታ ማታ «ማን አቀፋት?» ሲልሽ መልሱ እዚያው ጫካ ውስጥ አለልሽ። አክስቷ አቀፈቻት።

ዛሬ ማታ እንደዚህ በይው፣ ከዚያ ዝም በይ። «ልክ እንደ አንተና እኔ» እንዳትዪው አደራ! ያን ያልሽ ቀን ጉሬዛዋ እሱ ትሆናለች፣ እሱ ደግሞ ስለራሱ ማውራት ይፈራ እንደነበር ነግሬሻለሁ። መደበቂያው ትፈርስበታለች። እሱ ራሱ «እንደ አንቺ?» ካለሽ «አዎ፣ እንደ እኔ» ትዪዋለሽ፣ ሳታጋንኚ። ካላለም ይቅር።

አንድ ነገር ግን ቀይሪ። በተረትሽ ውስጥ እናትየው ጠፍታለች። እናቱ ግን አልጠፋችም። የት እንዳለች ይታወቃል፣ ትደውላለች፣ ታስበዋለች። ስለዚህ የጉሬዛዋም እናት ሩቅ ወዳለ ጫካ ቅጠል ፍለጋ ትሂድ። ጉሬዛ ዋና ምግቧ ቅጠል ስለሆነ ይሄም ከእውነቱ አይርቅም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ትመለሳለች ተብላ ትጠበቃለች፣ እስከዚያ ግልገሏ አክስቷ ጋ ነው የምትተኛው። መጣች ግን አትበዪ። የዓረብ አገር የቤት ሥራ ውል ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት እንደሆነ፣ ሲያልቅም «ትንሽ ልጨምር» እንደሚመጣ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማታ በተረት መጥታ ጠዋት በር ላይ ካጣት ተረቱንም አንቺንም አያምንም። ቀን አትቁረጪለት። እሱ ራሱ «መጣች!» ብሎ ከጨረሰው ደግሞ አታርሚው፤ እሱ የሚመኘውን እየተናገረ ነው፣ አንቺ ግን ቃል አልገባሽም።

እጅሽን ስለሚገፋው ነገር ሳነብ ልቤ አዘነልሽ። እየወደድሽው ይገፋሻል፣ ድመቷን ግን ያቅፋል። ስለጠላሽ አይደለም። ድመቷ የእናቱን ቦታ አትወስድም። አንቺን ካቀፈ ግን እናቱን የተካት ሊመስለው ይችላል። እዚህ ላይ የአንበሳው ፀጉር ተረት ይጠቅምሻል። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለች ሴት ወደ አንድ አዋቂ ሄዳ መድኃኒት ስጠኝ ትለዋለች። እሱም ከሕያው አንበሳ ላይ ፀጉር ነቅለሽ አምጪ ይላታል። ሴትዮዋ በየቀኑ ሥጋ ይዛ ትሄዳለች፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች መጨረሻ ላይ አንበሳው አጠገቧ ሲበላ ፀጉሩን ትነቅላለች። አዋቂው «ለልጁም እንደዚሁ አድርጊ» ብሎ ይሸኛታል። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሻው ቀን፣ ስለ ድፍረቷ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ቀን ነው የማስታውስሽ። ሥጋውን ከሩቅ ጣለችለትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዞር ብላም «በላህልኝ ወይ» አላለችም።

ስለዚህ ለጊዜው አትቀፊው። አልጋው አጠገብ በርጩማሽን ስቢና ተቀመጪ፣ እጅሽን ከእሱ እጅ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ፍራሹ ላይ ተዪው። የጉሬዛዋ አክስት ግልገሏን ስታቅፍ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እሱ ሲፈልግ ይይዝሻል። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ቀን ቀን ደግሞ አንድ ነገር ሥሪለት። ግልገሏ ነጭ አይደለች? እናቱ ትታው የሄደችው ነጠላ ካለ ከሱ ላይ ቁራጭ ቆርጠሽ፣ ጥጥ ሞልተሽ፣ ጭራ ቀጥለሽ ትንሽዬ ጉሬዛ ስፊለት። ማማር የለባትም። ዓይኗን በክር ስፊው እንጂ ቁልፍ አታድርጊበት፣ ተነቅሎ ሊውጠው ይችላል። ነጠላው እስከዛሬ ካልታጠበ ደግሞ አትጠቢው፤ የእናቱ ጠረን ይኑርበት። ነጠላ ከሌለም የጋቢ ቁራጭ ይበቃል።

እህትሽንም አስገቢያት። በኢሞ ስትደውል አሠሪዎቿ በፈቀዱላት ሰዓት ስለሆነ እሱ ወይ ተኝቷል ወይ ጨዋታ ላይ ነው፣ ያገኘችውም እንደሆነ «በላህ? አደግክ? ስቀህ አሳየኝ» ብላ ታለቅሳለች፣ እሱም ስልኩን ጥሎ ይሮጣል። ይሄ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። ከዚያ ይልቅ ሲመቻት ስለ ጉሬዛዋ አጭር የድምፅ መልእክት ትላክለት። ሩቅ ጫካ ያለችው እናት ዛሬ ምን ዓይነት ቅጠል እንዳየች ትንገረው፣ በቃ። እያለቀሰች አትቅዳ። ካለቀሰች አጥፍታ እንደገና ትቅዳ። አንቺ ተረትሽን ስትነግሪው እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሺ የእናቱን ድምፅ ታጫውቺለታለሽ፤ ከፈለገም ደጋግሞ ይስማው።

ባለቤትሽን ከተረቱ አታስወጪው። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ እሱም እንደዚያ እየተባለ አድጎ ይሆናል። ጅቡን ስጪው። በተረቱ ውስጥ ማታ ማታ ከዛፉ ሥር የሚያንጎራጉር ጅብ አስገቢና ድምፁን እሱ ያውጣልሽ። ለጅማ ልጅ ጅብ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም፣ ማታ ከሰፈር ዳር ራሱ ይሰማል። ልጁ ጅቡን ሲሰማ ወዳንቺ ወይም ወደሱ ይጠጋል፣ ባለቤትሽም የፈለገውን ጠንከር ያለ ተረት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ጉሬዛዋን ተዪ የሚልሽ አይመስለኝም፤ የሱም ተረት ትሆናለች።

ድመቷ ትቆይ። ግን የመንገድ ድመት ስለሆነች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል፤ በሽታው በድመትም ይተላለፋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ስላለ እዚያ ጠይቂ። ከነከሰችው ወይም ከቧጨረችው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቢውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው፤ ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂው። ነጭ ሽንኩርት ምናምን ቁስሉ ላይ አታድርጊ። ከመብላቱ በፊትና ካቀፋት በኋላ እጁን ይታጠብ። ምግቡን ከሷ ጋር ከአንድ ሳህን እንዳይበላ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ጎን ለጎን፣ ለየብቻ ሳህን ስጫቸው። የሚፈልገው አብሮት የሚበላ ጓደኛ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ከጉሬዛዋና ከድመቷ ውጪ ከማንም ጋር የማይጫወት ከሆነ ነው። እሱን አልጻፍሽልኝም። ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ የሚራገጥ፣ የሚጣላ፣ የሚታረቅ ከሆነ አትጨነቂ። ከልጆች ከሸሸ፣ መብላት ካቆመ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳው ነገር ሳምንታት ከቆየ ግን ለሐኪም አሳዪው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሰው ምን ይላል ብለሽ እንዳትቀሪ።

ኬጂው ቅርብ ነው። መስከረም ከመግባቱ በፊት ራስሽ ሂጂና መምህርቷን አናግሪያት። እናቱ የት እንዳለች፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ «የእናታችሁን ሥዕል ሣሉ» የሚባልበት ቀን ሲመጣ ምን ሊሰማው እንደሚችል ከአንቺ ትስማ። ካልከለከሉሽ የጨርቋን ጉሬዛ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቦርሳው ይዟት ይግባ። ከከለከሉም በር ላይ አትንጠቂው፤ ማታ ላይ «ግልገሏ ነገ አክስቷ ጋ ነው የምትውለው፣ አንተ ስትመጣ ታገኛታለህ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው።